መሬት ይዟል

አባ ሽቦ በወገብ ቀበቷቸው ምሰሶው ላይ እንደተንጠለጠሉ ሞቱ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ ፀሐይዋ ጣሪያውን ሁሉ ታነድዳለች፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሽቦ ላይ የኖሩ፣ ግማሹን የከተማውን ሽቦ ሠራተኛ ያሠለጠኑ፣ ለጡረታ አራት ወር የቀራቸው ሰው፣ ጠፍቷል የተባለ መስመር ጨብጠው ቀሩ።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ወርዶ በሸራ ተሸፍኗል። ከምሰሶው ፊት ለፊት ካለችው የልብስ ስፌት ቤት ደጃፍ ላይ የሟች ታናሽ ወንድም፣ አናጺው፣ መጥረቢያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሁለት ፖሊሶች አጠገቡ ቆመዋል፤ ቆሙ ይባል እንጂ ዐይናቸው ከመጥረቢያው አልተነሣም።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እታገሣለሁ» አላት ቀና ሳይል። «ያኔ ወንድሜን እንቀብረዋለን። ከዚያ በፊት ይህችን ልብስ ሰፊ ወይ እናንተ ታስሯታላችሁ፣ ወይ እኔ እገባላታለሁ። ወንድሜ አፈር ለብሶ የሷ ጣሪያ ሲያብረቀርቅ ቆሜ አላይም።»

«ያጽናህ ወንድሜ። አሥራ አንድ ሰዓት ካልክ ይሁን። መጥረቢያው ግን እስከዚያ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

አናጺው አያት፣ አሰበ፣ ሰጣት። ቃሏን አምኖ አይደለም፤ ክንዱ ዝሎ ነበር።

የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ጉዳዩን ጨርሶታል። ማንኛውንም ነገር ቶሎ የሚጨርስ ሰው ነው፤ ምሳውንም እንደዚያው።

«ግልጽ ነው» አላት። «መስመሩ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። ማጥፊያው ላይ የአባ ሽቦ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሶላርና ባትሪ ያላት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። ታዲያ ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ? ከጣሪያዋ ወጥቶ፣ ምሰሶው ላይ ሄዶ ገደላቸው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ጣሪያዋን ነገ እናወርደዋለን።»

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን» አለችና ወደ ማጥፊያው ሄደች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆጣሪ አንባቢዋ» ይሏታል። ፖሊስ ሳትሆን በፊት ሰባት ዓመት ከደጅ ደጅ እየዞረች የመብራት ቆጣሪ ታነብ ነበር። ሦስት ውሻ ነክሷታል፣ ስድቡማ አይቆጠርም። ከዚያ ሥራ የተረፋት አንድ እምነት ነው፦ ባለቤቱ ምንም ቢል፣ ቤቱ ውስጥ አንድ የማይዋሽ ነገር አይጠፋም። እሱን ፈልጎ ማንበብ ነው።

ጓጉንቸሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ አልተነካም። ሽቦ ሠራተኛ ሁሉ የየራሱ ቀለም አለው፤ የሌላውን ቀለም የሚነካ ደግሞ እጁን ቢያጣ ይሻለዋል። ኤሌክትሪኩ በዚህ በር አልገባም።

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተጣብቃ ቆማለች። ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሯል።

«እኔ ነኝ እንዴ የገደልኳቸው?» አለች መርማሪዋን ገና ስታያት። «ሁለት ልጆች አሉኝ። እኔ እስር ቤት ስገባ ማን ያያቸዋል? መጀመሪያ ይሄን ይንገሩኝ!»

«መጀመሪያ ተቀመጪ የኔ እህት። ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ ሣጥን ምንድን ናት?»

«እሷማ መብራቱን የምታቀያይረው ናት። የመንገዱ መብራት ሲጠፋ ‹ቀጭ› ትልና ባትሪው ይረከባል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ‹ቀጭ› ትልና ባትሪው ያርፋል። አባ ሽቦ ራሳቸው ትናንት መጥተው ፈትሸዋታል። ‹ጎበዝ፣ ይህቺ ወደ ውጭ አታሾልክም› አሉኝ። ‹ሁለት በር ያለው ቤት ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል› ይሉ ነበር ሁልጊዜ።»

«ሣጥኗ ስታቀያይር መኪናሽ ምን ትሆናለች?»

«ትደናቀፋለች። ለቅጽበት ነው፤ ግን ክሩን ታበላሽብኛለች።»

«ጩኸቱን ስትሰሚ ምን እየሰፋሽ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ በአገጯ አሳየቻት። መርፌው ስር አንድ ሰማያዊ ሱሪ እንደተወጋ ተቀምጧል። «ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ከመርፌው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ፣ ቀጥ ብሎ የመጣው ክር በአንድ ቦታ ተኮማትሮ ተቋጥሯል። 

«ስትወጪስ ምን አየሽ?»

«ሰው ሁሉ ወደ ላይ እያየ ይጮኻል። የመሬት ሰውዬው ብቻ ምሰሶው ሥር ተንበርክኳል። እየጸለየላቸው ነው ብዬ አንጀቴን በላኝ።»

የመሬት ሰው የሚባለው ከአባ ሽቦ ጋር አሥር ዓመት የሠራው፣ የሥራ መኪናውንም የሚነዳው ሰው ነው። አርባን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን እያገላበጠ አገኘችው።

«ሥራህን እንደማላውቅ አድርገህ ንገረኝ» አለችው። ታውቃለች፤ ግን ሰው የሚያውቀውን ሲያስረዳ ፊቱ ይነበባል።

«ላይኛው ይወጣል። የመሬት ገመዱን አንድ ጫፍ ሽቦው ላይ ይሰቅላል። እኔ ታች ሆኜ ሌላውን ጫፍ መሬት ከተተከለው ዘንግ ጋር በመቆንጠጫ አጠብቃለሁ። ድንገት ኤሌክትሪክ ቢመጣ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሰውየው ይተርፋል። ሳጠብቅ ‹መሬት ይዟል!› እላለሁ፤ እሱ ‹ላይ ሰምቷል!› ይላል። ከዚያ ነው እጁን የሚያሳርፈው።»

«ወደ ታች አይቶ አያረጋግጥም?»

ሰውየው እንደተሰደበ ሁሉ ፊቱን አጠቆረ። «ወደ ታች የሚያይ ጓደኛውን ጠርጥሯል ማለት ነው። በኛ ሥራ ነውር ነው። ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።»

«ዛሬስ ‹መሬት ይዟል› ብለሃል?»

«ብያለሁ። መንገዱ ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ እንዴት ሞቱ?»

«የሴትዮዋ ባትሪ ኃይለኛ ነው። መሬቱ አልቻለውም።»

«ከምሰሶው ሥር አልተንቀሳቀስክም?»

«ውልፍት አላልኩም።»

መርማሪዋ ምሰሶው ሥር ቁጢጥ አለች። መቆንጠጫው ዘንጉን ጥርቅም አድርጎ ነክሶታል፤ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ተነሥታ በመኪናው መስኮት ስትመለከት ከመሪው በላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተለጥፏል፤ የመውጫ ቀበቶ ታጥቆ ይስቃል።

«ይሄ ቆንጆ ማነው?»

«ታናሼ ነው።»

«እሱም ሽቦ ላይ ነው?»

«ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመቱ።» በሩን ዘጋው፤ ወሬውንም አብሮ።

የአዲሱን መስመር ሥራ የምትመራው ኢንጂነር መንገዱ ማዶ ባለች ቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ናት። ወጣት ናት፤ ካልሲዋ ሳይቀር ጭቃ ነክቶታል። ግድግዳውን አንድ ትልቅ ካርታ ሞልቶታል።

«ድሮ መብራት እንደ ወንዝ ነበር» አለች በጣቷ እያሳየች። «ከግድቡ ተነሥቶ ወደ ታች ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ ከዘጋሽው ታች ይደርቃል። አሁን እንደ ገበያ ነው፤ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ቀን ከኮረብታው የሶላር ማሳ ወደዚህ፣ ማታ ከግድቡ ወደዚያ። ይሄን መንገድ ከኮረብታው ጋር የምታገናኘዋ ሣጥን ጥጉ ላይ ናት፤ ከገባች ሁለት ሳምንቷ።»

«ስለዚህ መንገዱ ሁለት በር አለው።»

«አዎ፤ ሁለተኛው ግን እስካሁን አልተከፈተም።»

«አባ ሽቦ ያውቁ ነበር?»

«ሣጥኗ ስትገባ ታመው ቤት ነበሩ። አዲሱን ካርታ ግን ልኬላቸዋለሁ።» የመረከቢያ ደብተሩን ገለጠችላት። የተረከበበት ፊርማ የመሬት ሰውዬው ነው። ከሟች የሸሚዝ ኪስ የወጣው ካርታ ግን፣ መርማሪዋ ቀድማ አይታዋለች፣ አሮጌው ነበር።

«ሣጥኗን ማን ይከፍታታል?»

«ቁልፏ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የሥራ መኪናው ውስጥ። ከመቆጣጠሪያ ክፍል የምትገናኘው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ እስከዚያ በእጅ ብቻ ነው።»

«አራት ሰዓት ላይ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፤ ብቻዬን።» የመረከቢያ ደብተሩን ዘጋች። «ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ‹ይህች ልጅ ካርታ እንጂ ምሰሶ አታውቅም› ብለው አዋርደውኛል። ሌሊቱን ሙሉ ተቃጥያለሁ። ግን ምላሳቸውን እንጂ ሬሳቸውን አልተመኘሁም።»

መርማሪዋ ወደ ጥጉ ሄደች። ከምሰሶው ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ታጥፎ ከዳቦ መሸጫው ኋላ። ሣጥኗን የመንገድ አቧራ አልብሷታል፤ በኢንጂነሯ ቁልፍ ስትከፍታት ውስጧም እንደዚያው ዱቄት መስሏል። እጀታው ብቻ ንጹሕ ነው። ወደ «ጠፍቷል» ዞሯል፤ ግን አንድ ሰው ዛሬ ጨብጦታል።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ የሚያብሱ ሰው ናቸው። ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋው ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ሳትጠይቃቸው ጀመሩላት።

«ስለ ወንድሙ ነግሮሻል? የመሬት ሰውዬው ታናሽ ከስድስት ዓመት በፊት ምሰሶ ላይ ነው የሞተው። ያን ቀን ታች የነበሩት አባ ሽቦ ናቸው። ‹መሬት ይዟል› ብለው፣ መሬቱ ሳይዝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ከማን ሰማ?»

መነጽራቸውን ሦስተኛ ጊዜ አበሱ።

«ባለፈው ሳምንት አባ ሽቦ እዚህ መጥተው ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ጡረታ ሳልወጣ አንድ አደራ ለባለቤቱ እመልሳለሁ አሉኝ። አረጁ ብዬ ዝም አልኳቸው። እኔ ከዚች ወንበር ተነሥቼ አላውቅም፤ አሥር ሰው ይመሰክራል።»

አሥር ሰው መሰከረ። መርማሪዋ ግን የስድስት ዓመቱን የመስመር መዝገብ ከመጋዘን አስወጥታ አነበበች። ከዚያ የአባ ሽቦን የመሣሪያ ቦርሳ አራገፈች። ከፒንሳዎቹ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ብረት ወጣ። ጨርቁን ፈትታ ብረቱን አየችው፤ መልሳ ጠቀለለችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው እንዲህ ይሞታሉ ብላ ከልቧ ተናደደች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አናጺው በሩ ላይ ቆመ። አዛዡ ሰዓቱን አየ።

«ከዚህ ሱሪ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ መኪናዋ ተደናቅፋለች፤ እዚያ ክምሩ ውስጥ ባለው የመጀመሪያ ሱሪ ላይ ቋጠሮው አለ። ይኸውና። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሄዷል። አሁን ይሄን እዩ። ሁለተኛ ቋጠሮ። ከዚያ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ መርፌው ቆመ። ይህች የግድግዳ ሣጥን ሁለተኛ ጊዜ የምታቀያይረው መቼ ነው?»

«መብራት ሲመጣ» አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ። «ከውጭ ሲመጣ።»

«ከውጭ። ባትሪው ለመንገዱ አልሰጠም፤ መንገዱ ነው ለዚህ ቤት የሰጠው። ይህች ሴት ማንንም አልገደለችም።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አናጺው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«መጀመሪያው በር በአባ ሽቦ ጓጉንቸር ተዘግቷል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በሁለተኛው በር ገባ፤ የእጀታው አቧራ ተጠርጓል። ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ኢንጂነሯ ጋ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ። የመቆጣጠሪያ ኃላፊውም ሰው ልከው ሊሆን ይችላል፤ ጠብ ነበራቸው። ግን አስቡት። መሬቱ ይዞ ቢሆን እጀታውን ያዞረ ሰው ምን ያገኝ ነበር?»

«ምንም» አለች ኢንጂነሯ። «ብልጭ ይልና መስመሩ ራሱ ይጠፋል።»

«እንግዲህ እጀታውን ያዞረው ሰው መሬቱ እንዳልያዘ ያውቅ ነበር። ይሄን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የመሬት ሰውዬው ዐይኑን አላሸሸም። «መሬቱ ይዟል ብያለሁ። መቆንጠጫው ጠብቆ አላገኘሽውም?»

«አግኝቼዋለሁ። ያን ያህል ኃይል የወረደበት መቆንጠጫ ምን ይሆናል?»

 በሱ ፈንታ ኢንጂነሯ መለሰች፤ «ይጠቁራል። ይቀልጣል።»

«ያንተ ያበራል። ‹መሬት ይዟል!› ብለህ ጮኽክ፤ ‹ላይ ሰምቷል› አሉህ። አዲሱን ካርታ ስለደበቅክባቸው ሁለተኛ በር መኖሩን አያውቁም፤ ቢያውቁ ይቆልፉት ነበር። ወደ ጥጉ ሄድክ፣ እጀታውን አዞርክ፣ መለስክ፣ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ ሮጠህ መጥተህ ተንበርክከህ አጠበቅክ። ይህች ደግ ሴት የምትጸልይ መሰላት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

 ከዚያ የመሬት ሰውዬው ሳቀ፤ ደረቅ ሳቅ።

«እሺ። ገደልኩት። ታናሼን እኔ ነኝ ያሳደግኩት፤ እናታችን ለኔ ነው የሰጠችው። አባ ሽቦ ታች ቆሞ በውሸት ቃል አስገደለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስድስት ዓመት አብሬው በላሁ፣ ስድስት ዓመት ‹መሬት ይዟል› አልኩለት። በልቡ አምኖኝ፣ ወደ ታች ሳያይ እንዲሞት ነበር የጠበቅኩት። እንደዚያው ሞተ። አልጸጸትም!»

አናጺው ተወረወረበት፤ ሁለቱ ፖሊሶች በመከራ ያዙት።

«ተወው» አለችው መርማሪዋ አናጺውን። «መጀመሪያ ይሄን ይይ።» ጨርቁን ፈትታ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የቀለጠ፣ የጠቆረ፣ ጥርሱ እርስ በርሱ የተጣበቀ መቆንጠጫ ነው።

አናጺው ትግሉን ተወ። «ያቺ ብረት!» አለ። «ስድስት ዓመት ተሸክሟታል። ምንድን ናት ስለው ‹የአንድ ልጅ አደራ ናት› ይለኝ ነበር። ‹ወፍራም መቆንጠጫ ይዤ ቢሆን ይተርፍ ነበር› እያለ ያለቅስ ነበር።»

«አሁን ንገረኝ» አለችው የመሬት ሰውዬውን። «ያልያዘ መቆንጠጫ ይቀልጣል?»

ሰውየው ብረቱን አየ። እጁን ዘረጋ፣ ሳይነካው መለሰው። የሥራው ሰው ነውና የሚያስረዳው አላስፈለገውም።

«ይዞ ነበር» አለች። «አባ ሽቦ አልዋሹም። የያኔው መዝገብ መስመሩ በራሱ ሁለት ጊዜ እንደጠፋ ይናገራል፤ የጠፋው መሬት ስለያዘ ነው። አንድ ሰው ግን ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኖ፣ ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አብርቶታል። በሦስተኛው መቆንጠጫው ቀለጠ፣ ታናሽህም ሞተ። ያ ሰው በኋላ ‹አባ ሽቦ ዋሽተው ነው› የሚለውን ወሬ ዘራ። ለማን እንደዘራው አንተ ታውቃለህ።»

ሁሉም ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ኃላፊ ዞሩ። መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው፤ አሁን አላበሱትም።

«አለቆቼ መስመሩ ለምን ጠፋ እያሉ ይጨቀጭቁኝ ነበር» አሉ። «ሰው መኖሩን ረስቼ ነው። ረስቼ…»

«በታናሼ ቀብር ላይ አቀፍከኝ» አለ የመሬት ሰውዬው በሹክሹክታ። «አቅፈህ በጆሮዬ ነገርከኝ።» ከዚያ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ጠረጴዛውን ገልብጦ ተነሣ። ዩኒፎርሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። መርማሪዋ መሐል ቆመች።

«አንድ ጊዜ ተበቀልክ» አለችው። «የገደልከው ለልጁ ስድስት ዓመት ያለቀሰለትን ብቸኛ ሰው ነው። ሁለተኛውን ለሕግ ተው።»

ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። አሁን የሚጸልይ የመሰለው ሰው አልነበረም።

ሁለቱንም በተለያየ መኪና ወሰዷቸው። አናጺው መጥረቢያውን ሊቀበል መጣና እጁን ሰበሰበ፤ «እርስዎ ዘንድ ይቆይ፤ ዛሬ ራሴን አላምነውም» አላት። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።  ጎንበስ ብሎ የተበተነውን ዩኒፎርም አንድ በአንድ እያራገፈ ይሰበስብላት ጀመር፤ እሷም አብራው ተንበረከከች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባ ሽቦ ተቀበሩ።

በሳምንቱ ሥራው ቀጠለ። ሁለቱም በሮች በሁለት ጓጉንቸር ተዘጉ። መርማሪዋ ለማስረጃ የወሰደችውን ሱሪ ለልብስ ሰፊዋ ልትመልስ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። አባ ሽቦ ያሠለጠኑት አንድ ሠራተኛ ምሰሶው ላይ ወጥቷል፤ ታች ሌላው መቆንጠጫውን አጠበቀ።

«መሬት ይዟል!»

መልስ ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን አቆመች። ላይኛው ሰው እጁን ከሽቦው አርቆ፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ ወደ ታች አየ። ብዙ አየ። ታች ያለው ሰው ፊቱን አዞረ፤ ግን አልተቆጣም።

«ላይ ሰምቷል» አለ ላይኛው፣ በቀስታ።